ካላንደር ሸጦ ለትምህርት ቤት ዴስክ መግዛት፦ ከግንቦት እስከ ጥቅምት የሚሠራው ሥራ

ነሐሴ ሲጋመስ ካላንደር ፈላጊው ይበዛል። ሱቁም፣ ቢሮውም፣ መኖሪያ ቤቱም ያረጀውን አውርዶ አዲስ መስቀል ይፈልጋል። በዚያው ሰሞን ወላጅ ልጁን ሊያስመዘግብ ትምህርት ቤት ይመጣል። መስከረም 1 ዘመኑ ይለወጣል፣ ብዙም ሳይቆይ ትምህርት ይጀመራል። ለትምህርት ቤት ገንዘብ ማሰባሰብ ለሚያስብ ሰው ከዚህ የተመቸ ወቅት የለም።

ይህን የጻፍኩት ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት አባላት፣ ለቀድሞ ተማሪዎች፣ ለእድር ሰብሳቢዎች፣ በአጠቃላይ «ለዚህ ትምህርት ቤት አንድ ነገር እናድርግ» ብሎ ለተነሳ ሰው ነው። ለምሳሌ የወሰድኩት የ2019 ዓ.ም. ካላንደርን ነው። ቀኖቹ ቢለወጡም አሠራሩ ለሌላውም ዓመት ያገለግላል።

አንድ ነገር ከወዲሁ ያዙልኝ። ካላንደር የሚያተርፈውም የሚከስረውም ከመታተሙ በፊት ነው። የማተሚያው ወጪ በማስታወቂያና በቅድሚያ ክፍያ ከተሸፈነ፣ ከዚያ በኋላ የሚሸጠው እያንዳንዱ ቅጂ ለልጆቹ ነው። ወጪው ሳይሸፈን «ታትሞ ይሸጣል» ከተባለ ግን ጥቅምት ላይ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ውስጥ የተቆለለ ወረቀት ይተርፋል። ጥቅምት ላይ ካላንደር የሚገዛ የለም።

ግንቦት ላይ ጀምሩ

መጀመሪያ ለምን ዓላማ እንደሆነ ቁርጥ አድርጉ። «ለትምህርት ቤቱ ድጋፍ» የሚባል ነገር ኪስ አያስከፍትም። «ለአራተኛ ክፍል 40 ዴስክ»፣ «ለሴት ተማሪዎች መጸዳጃ ቤት በርና የውሃ ሮቶ»፣ «ለቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ» ሲባል ግን ሰው ያየዋል፣ ይገባዋል። ስትመርጡ ርዕሰ መምህሩንና መምህራኑን ጠይቁ። እናንተ የሚያስፈልግ የመሰላችሁና እነሱ በየቀኑ የሚቸገሩበት ነገር አንድ ላይሆን ይችላል። ዓላማው አንድ ይሁን፣ በካላንደሩ የፊት ገጽ ላይም በጉልህ ይጻፍ።

ቀጥሎ ፈቃድ። በትምህርት ቤቱ ስም ገንዘብ የሚሰበሰብ ስለሆነ ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ ርዕሰ መምህሩ ይፈርሙ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት ከሆነ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ ይወቅ። ነጋዴ ዘንድ ስትሄዱ መጀመሪያ የምትጠየቁት ይህንኑ ማኅተም ያለበትን ደብዳቤ ነው። ስለዚህ ብዙ ኮፒ ያዙ።

ገንዘቡ በማንም ሰው የግል ሂሳብ አይግባ። የሰውየው ታማኝነት ለዚህ ምክንያት አይሆንም። ትምህርት ቤቱ የባንክ ሂሳብ ካለው እሱን ተጠቀሙ፣ ከሌለው ሁለት ወይም ሦስት ፈራሚ ያለው ሂሳብ ክፈቱ። በቴሌብር መቀበል ከፈለጋችሁም ቁጥሩ በማን ስም እንደሆነና ገንዘቡ በስንት ቀን ወደ ባንክ እንደሚገባ በቃለ ጉባኤው ላይ ይስፈር።

ኮሚቴው አምስት ሰው ይበቃዋል። አንድ ሰው ማስታወቂያውን፣ አንድ ሰው ቀኖቹንና ጽሑፉን፣ አንድ ሰው ማተሚያ ቤቱን፣ አንድ ሰው ሽያጩን፣ አንድ ሰው ሂሳቡን ይያዝ። ሂሳብ የያዘው ሰው በምንም ምክንያት ሽያጭ ውስጥ አይግባ።

ሂሳቡን በወረቀት አስቀምጡ

ቢያንስ ከሦስት ማተሚያ ቤት ፕሮፎርማ ሰብስቡ። ስትጠይቁ መጠኑን፣ የወረቀቱን ዓይነትና ውፍረት፣ የገጹን ብዛት፣ የቅጂውን ብዛትና የማሰሪያውን ዓይነት ለሁሉም አንድ አድርጋችሁ ጠይቁ። አለዚያ ዋጋዎቹ አይነጻጸሩም። 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ በዋጋው ውስጥ መኖር አለመኖሩንም በግልጽ አስጽፉ። ብዙ ኮሚቴ በጀቱ የሚናጋበት እዚህ ላይ ነው።

በኦፍሴት ሲታተም ለፕሌት (ለማተሚያ ሳህን) እና ለማሽን ዝግጅት የሚወጣው ወጪ 100 ቅጂም ታተመ 1000 ያው ነው። ቅጂው ሲበዛ የአንዱ ዋጋ የሚወርደው ለዚህ ነው። ለጥቂት ቅጂ ግን ዲጂታል ህትመት ይሻላል። እዚህ ላይ አንድ ፈተና አለ። ማተሚያ ቤቱ «ሁለት ሺህ ብታደርጉት እኮ የአንዱ ዋጋ በጣም ይወርዳል» ይላችኋል። እውነቱን ነው፤ ግን ሁለት ሺህ ገዢ አላችሁ ወይ? የተማሪውን ቤተሰብ ቁጥር፣ የእድሩን አባላት፣ የአካባቢውን ሱቆች ቆጥሩና ከዚያ በታች እዘዙ። አልቆባችሁ ሰው ቢጠይቅ ለሚቀጥለው ዓመት ጥሩ ወሬ ነው።

ለምሳሌ እንዲህ እናስላው። ቁጥሮቹ ለማሳያ ብቻ የተቀመጡ ናቸው፣ በእናንተ ፕሮፎርማ ተኳቸው። 500 ቅጂ እያንዳንዱ ታክሱን ጨምሮ 150 ብር ቢፈጅ ጠቅላላው 75,000 ብር ነው። አሥራ ሁለቱ ወራት እያንዳንዳቸው በ5,000 ብር ለማስታወቂያ ቢሰጡ 60,000 ይሆናል። የጀርባ ሽፋኑ በ15,000 ቢሰጥ 75,000 ሞላ። ወጪው እዚህ ላይ አለቀ። ከ500ው ውስጥ 50ውን ለማስታወቂያ ሰጪዎች፣ ለመምህራንና ለቢሮዎች በነፃ ብትሰጡ 450 ይቀራል። በ300 ብር ሲሸጥ 135,000 ብር ለዴስኩ ይሆናል።

ሰኔ ሲያልቅ ማስታወቂያው የወጪውን ግማሽ እንኳን ካልሸፈነ ሐሳባችሁን ቀንሱ። ባለ ብዙ ገጹን ትታችሁ ዓመቱን በአንድ ወረቀት የሚያሳይ የግድግዳ ካላንደር አሳትሙ። እሱም ይሸጣል፣ ወጪውም በጣም ያነሰ ነው።

ነጋዴውን ከወሩ ጋር አገናኙት

ማስታወቂያ ስትጠይቁ «ለትምህርት ቤት ብለህ» ብቻ አትበሉ። አንዴ ለጽድቅ ይሰጣችኋል፣ በሚቀጥለው ዓመት ግን በሩን ያጠብባችኋል። የሚጠቅመውን ይዛችሁ ሂዱ። ካላንደር ሰው ቤት አንድ ዓመት ሙሉ የሚሰቀል ማስታወቂያ ነው። የእሱ ወር ደግሞ የእሱ ገበያ የሚደራበት ወር ሊሆን ይችላል።

መስከረም የዩኒፎርም ሰፊውና የጽሕፈት መሣሪያ ሱቁ ወር ነው። ጥቅምትና ኅዳር ክረምቱ አልፎ ግንባታ የሚጀመርበት ስለሆነ ለሕንጻ መሣሪያ መደብሩ ይሆናል። ታኅሣሥ የገና ነው፤ ሥጋ ቤቱና ዳቦ ቤቱ ይፈልገዋል። ጥር የሠርግ ወር ስለሆነ ለፎቶ ቤቱ፣ ለሙሽራ ልብስ አከራዩ፣ ለዲኮር ሠሪው፣ ለአዳራሹ ስጡ። የዐቢይ ጾም ወራት የጾም ምግብ ለሚሠራው ምግብ ቤትና ለዘይት ነጋዴው ነው። ሚያዝያ የፋሲካ፣ ሰኔና ሐምሌ የጃንጥላና የቦቲ ጫማ ሻጩ። ወፍጮ ቤቱ፣ መድኃኒት ቤቱና የባጃጅ ማኅበሩ በየትኛውም ወር ይገባሉ። እንዲህ አስባችሁበት ስትሄዱ ነጋዴው ሥራውን እንደምታውቁለት ይረዳል፣ ውይይቱም ወዲያው ስለ ዋጋ ይሆናል።

የማስታወቂያውን ቦታ ጠበብ አድርጉት፤ ከገጹ በታች አንድ መስመር ከፍታ ያለው ቦታ ይበቃል። ገጹ በማስታወቂያ ከተሞላ ሰው ገንዘብ አውጥቶ የሚገዛበት ምክንያት አይኖርም። መጠጥ፣ ጫት፣ ሲጋራ፣ ቁማርና የፖለቲካ ፓርቲ ፈጽሞ አይግባ። የቱንም ያህል ቢከፍሉ፣ የልጆች ስም ያለበት ወረቀት ነውና።

ክፍያውን ስትስማሙ ተቀበሉ፣ ደረሰኝ ስጡ። «ታትሞ ሲመጣ እከፍላለሁ» ላለው ሰው ወሩን ለሌላ እንደምትሰጡ በትህትና ንገሩት። የስልክ ቁጥሩንና የድርጅቱን ስም አጻጻፍ በእጁ ጽፎ ይስጣችሁ። ስም ተሳስቶ ከታተመ ወቀሳው ዓመቱን ሙሉ ግድግዳ ላይ ይኖራል።

ባንክ በነፃ የሚሰጠው ካላንደር የሌለው ነገር

«ባንኩ በነፃ ይሰጠን የለ እንዴ፣ ለምን በገንዘብ እገዛለሁ?» የሚል ሰው ያጋጥማችኋል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው፣ መልሱም ካላንደሩ ውስጥ መኖር አለበት። የባንኩ ካላንደር ስለ ሰፈራችሁ አንድም ነገር አያውቅም። የእናንተው የእድሩን የስብሰባ ቀን፣ የአጥቢያውን ቤተ ክርስቲያን ንግሥ፣ የገበያውን ቀን፣ የጤና ጣቢያውን የክትባት ቀን፣ የወላጆች ስብሰባን ይይዛል። ባቲ ሰኞ ገበያ ናት፣ ሰንበቴ እሁድ፣ ላሊበላ ቅዳሜ፤ የእናንተም ከተማ የራሷ ቀን አላት፣ በቀለም ለይታችሁ አሳዩት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991፣ ከዚያም የአካባቢው ጤና ጣቢያና የትምህርት ቤቱ ስልክ በጥግ በኩል ይቀመጡ።

በየቀኑ ሳጥን ውስጥ የኛው ቀን በትልቁ፣ የፈረንጆቹ ቀን በትንሹ ይሁን። የሚጻፍበት ባዶ ቦታ ይተውለት። ሰው እቁብ የሚወጣበትን፣ የቤት ኪራይ የሚከፈልበትን፣ የወተት ሂሳቡን ሁሉ እዚያው ይጽፋል። የሚጻፍበት ካላንደር ደግሞ አይወርድም። ጽዋ ያለበት ቤት ወርኃዊ በዓላቱን ይፈልጋል፦ 5 አቦ፣ 7 ሥላሴ፣ 12 ሚካኤል፣ 16 ኪዳነ ምሕረት፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 23 ጊዮርጊስ፣ 27 መድኃኔዓለም፣ 29 በዓለ ወልድ። ሙስሊም ጎረቤቶች ያሉበት ሰፈር ከሆነ የሂጅራውን ወር ስም በየገጹ አናት ላይ ጨምሩ። ካላንደሩ የሁሉም ሰው መሆኑ በዓይን መታየት አለበት።

ቀኖቹን ማስተካከል ትዕግሥት ይጠይቃል። ዲዛይነሮች ጊዜ ለመቆጠብ ያለፈውን ዓመት ፋይል ከፍተው ዓመተ ምሕረቱን ይለውጣሉ። በ2019 ይህ አያዋጣም። 2019 ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜ 6 ቀን አላት። የ2018ቱ ፋይል ግን ባለ 5 ቀን ጳጉሜ ነው ያለው። የጎደለችው ቀን ሳትታይ ታልፍና ካላንደሩ ገዢው ቤት ከተሰቀለ በኋላ ትወጣለች።

የ2019ን ዋና ዋና ቀኖች ላስቀምጥላችሁና እናንተ ደግሞ አረጋግጡ። መስከረም 1 ዓርብ ይውላል፣ በፈረንጆቹ መስከረም 11 ቀን 2026። መስቀል መስከረም 17 እሁድ ነው። ገና ታኅሣሥ 29 ሐሙስ፣ ጥምቀት ጥር 11 ማክሰኞ፣ ዓድዋ የካቲት 23 ማክሰኞ። ዐቢይ ጾም የካቲት 29 ሰኞ ይገባል። ስቅለት ሚያዝያ 22 ዓርብ፣ የላብ አደሮች ቀን ሚያዝያ 23 ቅዳሜ፣ ፋሲካ ሚያዝያ 24 እሁድ፤ ሦስቱ ተከታትለው ስለሚመጡ ሰው ያን ሰሞን ጉዞ ያቅዳልና ገጹ ላይ በደንብ ይታዩ። የአርበኞች ቀን ሚያዝያ 27 ረቡዕ ነው። ዒድ አልፈጥር የካቲት 30 ወይም መጋቢት 1 አካባቢ ይሆናል። የሙስሊም በዓላት በጨረቃ መታየት የሚወሰኑ ስለሆኑ ከጎናቸው «ጨረቃ በመታየቷ ይወሰናል» የሚል ማስታወሻ የግድ ይጻፍ።

ይህን ሁሉ ከጨረሳችሁ በኋላ ረቂቁን ለአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ባሕረ ሐሳብ ለሚያውቁ አባት፣ ለመስጊዱ ኢማም፣ ለፕሮቴስታንትና ለካቶሊክ አገልጋዮችም አሳዩ። ሁለት ጥቅም አለው። ስህተት ይታረማል፤ ያረሙት ሰዎችም በኋላ ለምእመናኑ «የትምህርት ቤታችንን ካላንደር ግዙ» ለማለት ደስ ይላቸዋል።

የትምህርት ቤቱን ፕሮግራም በተመለከተ የትምህርት ቢሮው የዓመቱን መርሐ ግብር እስኪያወጣ ድረስ የፈተና ቀን አትገምቱ። ካልደረሰላችሁ «የአንደኛ መንፈቅ ዓመት ፈተና፦ ........» ብላችሁ ባዶ መስመር ተዉ፣ ተማሪው ራሱ ይሞላዋል።

ሥዕሎቹ ከልጆቹ እጅ ይውጡ

ለዘመን መለወጫ ልጆቻችን አበባ ሥለው በየቤቱ ማደል ልማዳቸው ነው። ካላንደሩን በዚሁ ላይ ሥሩት። ግንቦት መጨረሻ ላይ በየክፍሉ የሥዕል ውድድር አድርጉ፤ ለእያንዳንዱ ወር አንድ ርዕስ ስጡ። ለመስከረም አደይ አበባ፣ ለጥር ታቦት ሲወጣ፣ ለሐምሌ ዝናብና እርሻ። ጳጉሜም የራሷን ሥዕል ታግኝ። አሥራ ሦስት ልጆች ይመረጣሉ፣ የአሥራ ሦስት ልጆች ቤተሰብ ደግሞ ለዘመድ ሁሉ ይገዛል። ያልተመረጡትን አትርሱ። የጀርባውን ገጽ በትናንሽ ሥዕሎች ሞልታችሁ የብዙ ልጆችን ሥራ ማሳየት ትችላላችሁ። እኔ ከፎቶ ይልቅ ይህን እመርጣለሁ፤ የትም ሄዶ የማይገኝ ነገር ነውና።

ሥዕሎቹን በስካነር አስነሷቸው። ስካነር ከሌለ ጠዋት ደመቅ ባለ ጥላ ስር፣ ቀጥ አድርጋችሁ፣ ፍላሽ ሳትጠቀሙ ፎቶ አንሱ። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ጥራቱ ይቀንሳልና እንደ ፋይል ላኩት።

የልጆች ፎቶ የሚገባ ከሆነ ወላጅ በጽሑፍ ይፍቀድ። ከሥዕሉ ስር የልጁ ስምና ክፍል ይበቃል። የቤት አድራሻ፣ የወላጅ ስልክ፣ «ወላጅ አልባ» ወይም «ችግረኛ» የሚል ገለጻ አይጻፍ። ልጁ ነገ አድጎ ያንን ካላንደር ያየዋል።

ማተሚያ ቤት

ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ፋይሉ ማተሚያ ቤት መግባት አለበት። ከሐምሌ አጋማሽ በኋላ ማተሚያ ቤቶች በራሳቸው የካላንደርና የደብተር ሥራ ይጨናነቃሉ፣ ቀጠሮውም ከሳምንት ወደ ሳምንት ይገፋል። ጳጉሜ ላይ የደረሰ ካላንደር የምዝገባው ገበያ አመለጠው ማለት ነው።

ለቤት የሚሆነው ኤ3 መጠን ያለው፣ ከላይ በስፓይራል የታሰረና መስቀያ ያለው ነው። የወረቀቱን ነገር ልምከራችሁ፤ የሚያብለጨልጨውን ሳይሆን ማቱን ምረጡ። የሚያብለጨልጨው ላይ በእስክሪብቶ ሲጻፍ ቀለሙ አይይዝም፣ በእጅ ሲነካም ይበላሻል። ሰው እንዲጽፍበት ብለን ቦታ ትተናል እኮ። የጠረጴዛ ካላንደር ለቢሮዎች ያምራል፣ ግን ሁለት ዓይነት ማሳተም ወጪውን ያበዛል። ለመጀመሪያው ዓመት አንድ ዓይነት ብቻ።

ዲዛይነሩ ፋይሉን በፒዲኤፍ፣ ሥዕሎቹን በ300 ዲፒአይ፣ ለመቁረጫ የሚሆን 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ጨምሮ ይስጥ። ፊደሉን ደግሞ በዓይናችሁ አረጋግጡ። ፓወር ግዕዝ በሚባለው የድሮ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የተጻፈ ጽሑፍ ወደ ሌላ ፕሮግራም ሲገባ የማይነበብ ምልክት ሊሆን ይችላል። ሁሉም ጽሑፍ በዩኒኮድ ይጻፍ፣ ፎንቱም ፒዲኤፉ ውስጥ ይካተት።

ከመታተሙ በፊት ፕሩፍ (የሙከራ ህትመት) ጠይቁ፣ በወረቀት። በስልክ ስክሪን ላይ ያለፈ ስህተት በወረቀት ላይ ይታያል። ሦስት ሰዎች ለየብቻ ይመርምሩት። አንዱ ቀኖቹን ከመስከረም 1 እስከ ጳጉሜ 6 በጣቱ እየቆጠረ፣ አንዱ ስሞችንና ስልኮችን እየደወለ፣ አንዱ ፊደሉን እያነበበ። ከዚያ በኋላ ይፈረም። ፊርማችሁ ያለበት ፕሩፍ ላይ የነበረ ስህተት የእናንተ ነው፤ ከፕሩፉ የተለየ ነገር ከታተመ ግን ማተሚያ ቤቱ ይጠየቅበታል። ውሉ ላይ የማስረከቢያ ቀን ይጻፍ፣ ክፍያውም ሁሉም በቅድሚያ አይሰጥ።

መሸጥ

የመጀመሪያው ሽያጭ ካላንደሩ ሳይታተም ነው የሚሆነው። ሰኔ መጨረሻ ላይ ወላጆች ካርድ ሊቀበሉ ሲመጡ በር ላይ ጠረጴዛ አውጡ፣ የተመረጡትን ሥዕሎች ለጥፉ፣ ስማቸውን እየመዘገባችሁ በቅድሚያ ሽጡ። ቀድሞ ለከፈለ ትንሽ ቅናሽ አድርጉለት። ስንት ቅጂ እንደምታዝዙም ከዚህ ዝርዝር ትረዳላችሁ።

ነሐሴ መጀመሪያ ካላንደሩ ሲመጣ በቅድሚያ ለከፈሉት አስረክቡ። ወዲያው ቤታቸው ይሰቀላል፣ ጎረቤት ያየዋል። ፍልሰታ ስለሆነ ቤተ ክርስቲያን የሚመላለሰው ሰው ብዙ ነው። ሰበካ ጉባኤው ከፈቀደ ቅዳሴ ሲወጣ በር ላይ ቁሙ። ዓርብ ከጁምዓ በኋላም በመስጊዱ ኮሚቴ ፈቃድ እንዲሁ። የእድር ስብሰባ ላይ ሰብሳቢው አምስት ደቂቃ እንዲሰጧችሁ ለምኑ። ጸጉር ቤት፣ ቡና ቤትና ሱቅ ውስጥ አምስት አምስት አስቀምጡ። ዋናው ገበያ ግን የምዝገባ ቀናትና ጳጉሜ ነው።

ለሻጭ ስትሰጡ የተወሰደው፣ የተመለሰውና የተከፈለው የሚጻፍበት ደብተር ይኑር፣ የወሰደውም ይፈርም። ዱቤ አትስጡ። «ነገ እሰጣለሁ» እየተባለ የሚጠራቀመው ብር የዴስኩን ዋጋ ይበላዋል፣ ወዳጅነትንም ያበላሻል። በእጅ በእጅ ይሁን።

ሦስት ነገሮች ግን አይደረጉ። ልጆች ብቻቸውን በየቤቱ እየዞሩ እንዲሸጡ አይላኩ፤ ከሄዱም ከአዋቂ ጋር፣ በቀን። ምዝገባን ከካላንደር ጋር ማያያዝም አይቻልም። «ካላንደር ያልገዛ አይመዘገብም» የሚል ቃል ከማንም አፍ እንዳይወጣ መዝጋቢዎቹን አስጠንቅቁ። መዋጮ በፈቃድ ነው፤ 300 ብር የቀን ጉርሱ የሆነ ወላጅ አለ። ሦስተኛው፣ በክፍል ውስጥ «ቤተሰቡ ያልገዛ እጁን ያውጣ» አይባልም። ይህ ሕፃን ልጅ ላይ የሚጥለውን ስሜት ሁላችንም እናውቀዋለን።

ውጭ አገር ያሉት

ከትምህርት ቤቱ ወጥተው ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ፣ ዱባይ ወይም ስቶክሆልም የሚኖሩ ይኖራሉ። ካላንደር በፖስታ መላክ ግን ከዋጋው በላይ ሊያስወጣ ይችላል። የሚሻለው ዘዴ ይህ ነው፦ እነሱ እዚያ ሆነው ይክፈሉ፣ ካላንደሩ እዚህ ላለ ሰው ይድረስ። «አንዱን ለእማዬ፣ አንዱን ለቀድሞ መምህሬ፣ ሦስቱን ለክፍሎቹ» ብለው ያዝዛሉ። እናንተ ታደርሱና ተቀባዩን አስፈቅዳችሁ ፎቶ ትልካላችሁ። እማማ ካላንደሯን ይዛ የቆመችበትን ፎቶ ያየ ልጅ ለጓደኞቹ ያሳያል፣ እነሱም ያዝዛሉ። ገንዘቡ በባንክ ወደ ትምህርት ቤቱ ሂሳብ ይግባ። ለራሳቸው ለሚፈልጉት ደግሞ ተመላሽ ሰው ሲገኝ ጠቅልሎ ሻንጣ ውስጥ መያዝ ይቻላል፤ ሳይታጠፍ ይጠቅለል።

ገንዘቡን አሳዩ

መስከረም መጨረሻ ላይ ሂሳቡ ይዘጋ። ስንት ታተመ፣ ስንት ተሸጠ፣ ስንት በነፃ ተሰጠ፣ ስንት ቀረ፤ ምን ገባ፣ ምን ወጣ። በአንድ ገጽ ጽፋችሁ በትምህርት ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፉ፣ በእድሩ ስብሰባ አንብቡ፣ በቴሌግራም ግሩፑ ላይ ልቀቁ። የተበላሸ ቅጂ ካለ እሱም ይጻፍ። ሰው ትንሽ ጉድለት ቢያይ ይቅር ይላል፤ የተደበቀ ነገር ካየ ግን ለሚቀጥሉት ዓመታት አንድ ብር አይሰጥም።

ዴስኩ ሲገዛ በትምህርት ቤቱ ንብረት ክፍል በሞዴል 19 (በንብረት ገቢ ደረሰኝ) ገቢ ይደረግ፣ ኮፒው ከሂሳቡ ጋር ይያያዝ። ልጆቹ ተቀምጠውበት ፎቶ አንሱና ማስታወቂያ ለሰጣችሁ ነጋዴ ሁሉ ከምስጋና ደብዳቤ ጋር ውሰዱለት። በስልክ አትላኩ፣ ሂዱ። በዚያው ጉብኝት «የሚቀጥለው ዓመትስ ያው ወር ይሁንልህ?» ብላችሁ ጠይቁ። ግማሹ ወር ያኔውኑ ይያዛል።

የተረፈ ቅጂ ካለ ከመስቀል በኋላ ዋጋውን ቀንሱ። ጥቅምት ከገባ ለክፍሎቹ፣ ለጤና ጣቢያው፣ ለቀበሌውና ለፖሊስ ጣቢያው በነፃ አድሉ። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሁለት ቅጂ ለታሪክ ይቀመጥ።

ለቀጣዩ ኮሚቴ ፋይሉን፣ የማስታወቂያ ሰጪዎቹን ዝርዝርና የፕሮፎርማዎቹን ኮፒ በአንድ ፎልደር አስረክቡ። ፎልደሩ ላይ ይህን ጻፉበት፦ 2020 ዘመነ ዮሐንስ ነው፤ ከጳጉሜ 6 በኋላ ስለሚመጣ መስከረም 1 በፈረንጆቹ መስከረም 12 ላይ፣ እሁድ ይውላል። ገናም ታኅሣሥ 28 እንጂ 29 አይደለም። ጳጉሜም ወደ 5 ትመለሳለች። ፋሲካ ሚያዝያ 8 ነው። የ2019ን ፋይል ገልብጣችሁ አትጀምሩ።